የፓርኪንግ ሴንሰር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 «ኤስኤፍፓርክ» በተባለ ሙከራ 8,000 ገደማ በሚሆኑ የመንገድ ዳር ማቆሚያዎች ላይ ቦታው መያዝ አለመያዙን የሚለይ ሴንሰር ተክላ፣ በመረጃውም የማቆሚያ ዋጋ ታስተካክል ነበር። ስለ ፓርኪንግ ሴንሰር የሚነገረውን ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

«ዓላማው ዋጋ መጨመር ነው።»
በብዛት የሚሰማው ይህ ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ደንቡ አስቀድሞ የተጻፈና ለሁሉም ግልጽ ነበር። ከማቆሚያዎቹ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ከተያዙ የሰዓቱ ዋጋ 25 ሳንቲም ይጨምራል። ከ60 እስከ 80 ከሆነ ባለበት ይቆያል። ከ30 እስከ 60 ከሆነ 25 ሳንቲም፣ ከ30 በታች ከሆነ ደግሞ 50 ሳንቲም ይቀንሳል። ዋጋው በየመንገዱና በቀኑ ክፍለ ጊዜ ይለያያል፤ ጠዋት ርካሽ የሆነው ቦታ እኩለ ቀን ላይ ሊወደድ ይችላል። በሙከራው መጨረሻ የመንገድ ዳር አማካይ ዋጋ በሰዓት ከ2.69 ዶላር ወደ 2.58 ወርዷል። ምክንያቱም የሚጨናነቁት መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ሁለት መንገድ አለፍ ሲሉ ባዶ ቦታ ሞልቷል።

«ሁሉም ቦታ ከተያዘ አሠራሩ ተሳካ ማለት ነው።»
ሁሉም ቦታ ሲያዝ ቀጥሎ የሚመጣው ሾፌር እየዞረ መንገድ ያጨናንቃል፣ ወይም ደርቦ ቆሞ አውቶቡስ ይዘጋል። ሁልጊዜ አንድ ሁለት ክፍት ቦታ መኖር አለበት። በዕለቱ አማካይ ብቻ መወሰንም ያሳስታል፤ አማካዩ 70 በመቶ የሆነ መንገድ በምሳ ሰዓት ጢም ብሎ ሊሞላ ይችላል።

«ሴንሰሩ ታርጋ ያነባል።»
አያነብም። አስፋልት ውስጥ የሚቀበረው ማግኔቶሜትር ነው። የመኪናው ብረት የምድርን የማግኔት መስክ ሲያዛባ ለውጡን ለክቶ «ተይዟል» ወይም «ባዶ ነው» የሚል መልእክት በሬዲዮ ይልካል። ክፍያን የሚያውቀው የክፍያ ማሽኑ ነው።

«አንዴ ከተተከለ አለቀ።»
በጀት የሚያናጋው ይህ እምነት ነው። ባትሪው ያልቃል፤ መንገዱ ሲታደስ ሴንሰሩም አብሮ ይነሳል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱ አውቶቡሶች ሽቦ ከላይ በተዘረጋበት መንገድ የማግኔት መስኩ ስለሚረበሽ ንባቡ ይሳሳታል፤ ሳን ፍራንሲስኮንም ይህ ችግር ገጥሟታል። ስለዚህ በብዛት ከመግዛት በፊት ጥቂቱን በተለያዩ መንገዶች ተክሎ፣ ሰው አቁሞ እያስቆጠሩ ከሴንሰሩ ንባብ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

«ያለ ሴንሰር ዋጋ ማስተካከል አይቻልም።»
ሳን ፍራንሲስኮ ሴንሰሮቹን በ2013 መጨረሻ ላይ አጥፍታለች። ያኔ የተሰበሰበውን መረጃ መነሻ አድርጋ ከክፍያ ማሽኖች ብቻ የተያዘውን ቦታ መገመት ጀመረች፤ ከ2018 ወዲህም በዚሁ መንገድ በመላ ከተማዋ ዋጋ ታስተካክላለች። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው ሳይከፍል የሚቆመው መኪና ነው። የአካል ጉዳተኛ ፈቃድ ያለውም ሆነ ክፍያ የሚያመልጠው በማሽኑ መዝገብ ስለማይታይ፣ ግምቱ ለእነሱ ካልታረመ የሞላው መንገድ ባዶ መስሎ ዋጋው ያለአግባብ ይቀንሳል።