ጄኮብ ሃምብሊንና ቤተሰቡ

ጄኮብ ሃምብሊን (1819–1886፤ ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ደቡብ ዩታን ካቀኑት ሞርሞኖች (በዚያ ዘመን ከአንድ በላይ ማግባትን ይፈቅድ የነበረ የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን አባላት) አንዱ ሲሆን፣ ፓዩት፣ ሆፒና ናቫሆ ከተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጋር በጠመንጃ ሳይሆን በሽምግልና መኖርን የመረጠ ሰባኪ ነው። ኦሃዮ ተወልዶ በ1842 ተጠመቀ። የመጀመሪያ ሚስቱ ሉሲንዳ ቴይለር ወደ ምዕራብ አልሄድም ስላለች በ1849 ተለያዩ። በዚያው ዓመት ራሔል ጀድን አገባና በ1850 ዩታ ገባ።

በ1854 ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ደቡብ ላከው፤ ሳንታ ክላራ የተባለችው የደቡብ ዩታ መንደር የተመሠረተችውም ያን ጊዜ ነው። በ1855 ፓሮዋን ከተባለች ሌላ የዩታ መንደር የመጣ አንድ ሊትር ያህል የጥጥ ፍሬ ዘሩ፤ ያለ መስኖ ግን ምንም አይበቅልም። ግድቡ ከድንጋይ፣ ከቅርንጫፍና ከአፈር የተደረደረ በመሆኑ ደራሽ ውሃ በመጣ ቁጥር ይወሰዳል፣ ቦዩም በደለል ይደፈናል፤ ስለዚህ ደጋግሞ መጥረግና መጠገን ነበረባቸው። በ1856 ገደማ የተጠናቀቀው የድንጋይ ምሽግ በየጎኑ 30 ሜትር፣ ቁመቱ 3.6 ሜትር፣ የግንቡ ውፍረት 60 ሴንቲ ሜትር ነበር። ጥፋቱ የቦታ ምርጫ ነው፤ ከወንዙ ዳር ስለተሠራ በ1862 መጀመሪያ ለሳምንታት የዘነበው ዝናብ ዳርቻውን ከሥር እየሸረሸረ ምሽጉን ናደው።

በዚህ ምክንያት ሃምብሊን አዲሱን ቤት ከወንዙ ርቆ፣ ከተዳፋቱ ግርጌ በአሸዋ ድንጋይና በጥድ እንጨት ሠራ። ቤቱ ዛሬም ቆሟል፤ የሁለት ጣውንቶች ቤት እንዴት እንደሚከፈል ያሳያል። ከሳሎኑ ግራና ቀኝ እኩል የሆኑ ሁለት መኝታ ክፍሎች አሉ፤ ምድጃቸው ለየብቻ ነው፤ አንዱ የራሔል፣ ሌላው በ1857 ያገባት የፕሪሲላ ሌቪት። ፎቁ ሰፊ አንድ ክፍል ነው። ራሔል በ1865 ስትሞት፣ በዚያው ዓመት ስዊስ ተወላጇን ሉዊዛ ቦኔሊን አገባ። አንዳንድ የዘር ሐረግ መዝገቦች ኤሊዛ የተባለች የፓዩት ሴትንም ሚስቱ ይላሉ፤ ሌሎች ግን አይቀበሉትም። በጠቅላላው 24 ልጆች ይቆጠሩለታል፤ የማደጎዎቹ ሌላ ናቸው።

ፕሪሲላን ያገባው መስከረም 11 ቀን 1857 ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ነበር፤ የሞርሞን ታጣቂዎች ወደ ካሊፎርኒያ ይጓዙ የነበሩ ሰፋሪዎችን የገደሉበት የማውንቴን ሜዶውስ ጭፍጨፋም የተፈጸመው በዚያው ዕለት፣ ሃምብሊን በዚያ አካባቢ ከነበረው የእርሻ ቤት ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። እሱ በስፍራው አልነበረም። ከሞት የተረፉት 17 ሕፃናት መጀመሪያ የተወሰዱት ወደዚሁ የእርሻ ቤት ሲሆን ያስጠለለቻቸው ራሔል ናት። በ1876 ከጭፍጨፋው መሪዎች አንዱ በመሆኑ ለፍርድ በቀረበው ጆን ዲ. ሊ ላይ ሃምብሊን መሰከረ። ምን ያህል ያውቅ ነበር የሚለው ዛሬም ያከራክራል።

በ1870 ገደማ ወደ ዩታዋ ካናብ ተዛወረ፤ በዚያው ዓመትም ለተመራማሪው ጆን ዌስሊ ፓውል አስተርጓሚ ሆነ፣ በአሪዞናው የጦር ሰፈር ፎርት ዲፋያንስም ከናቫሆዎች ጋር የሰላም ስምምነት አደረገ። ኋላም ኑሮውን ወደ አሪዞና አዛወረ።

የ1882ቱ የኤድመንድስ ሕግ ከአንድ በላይ ሚስት ይዞ መኖርን እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 300 ዶላር መቀጮ ስለሚያስቀጣ ቤተሰቡ በየቦታው ተበተነ፤ ሃምብሊንም ከፌዴራል ፖሊሶች እየተሸሸገ ኖረ። በነሐሴ 1886 ኒው ሜክሲኮ ፕሌዛንተን ውስጥ በወባ ሞተ፤ አጽሙ በኋላ ወደ አልፓይን፣ አሪዞና ፈልሷል።