በአባት ሐረግ ተከትሎ፦ የጥንት አውሮፓውያን ፍልሰት

ዋይ ክሮሞዞም፣ ወንዶች ብቻ የሚይዙት የዘር ቅንጣት፣ የሚሄደው እንደ እኛ ስም ነው። ልጅ የአባቱን፣ አባት የአያቱን ይዞ ወደ ኋላ ይዘልቃል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል። አልፎ አልፎ ግን በውስጡ ካለው የዘር ጽሑፍ፣ ከዲኤንኤው፣ አንዲት ፊደል ትለወጣለች። ያቺ ለውጥ ከዚያ ሰው በሚወለዱ ወንዶች ሁሉ ላይ እንደ ማኅተም ትቀራለች። ማኅተሟን የሚጋሩት ወንዶች በሙሉ ወደ አንድ አባት ይደርሳሉ። እንዲህ ያለው ቡድን ሃፕሎግሩፕ ይባላል፤ ስሙም ፊደልና ቁጥር ነው።

ከበረዶው ዘመን በኋላ በምዕራብ አውሮፓ ይኖሩ ከነበሩት አዳኞች ብዙዎቹ አይ2 የሚባለው ሃፕሎግሩፕ ሰዎች ነበሩ። ከ8,500 ዓመት ግድም በፊት ደግሞ ከአናቶሊያ፣ ከዛሬዋ ቱርክ ማለት ነው፣ ገበሬዎች እህላቸውንና በጎቻቸውን ይዘው መጡ። የእነዚህ ዋና ምልክት ጂ2ኤ ነው። በ1991 በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ ሬሳው የተገኘው ኦትዚ የተባለ የጥንት ሰው የዚህ ሐረግ ነው። ከሞተ 5,000 ዓመት አልፎታል። ዛሬ ሐረጉ በአብዛኛው አውሮፓ ሳስቷል።

ያሳሳው ቀጥሎ የመጣው ነው። ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ካለው ሰፊ ሜዳ፣ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ከብት አርቢዎች በሠረገላ ተነሱ። አር1ኤ እና አር1ቢ በስፋት የተዳረሱት ከዚህ እንቅስቃሴ ጋር ነው። ዛሬ አር1ኤ በፖላንድና በአካባቢዋ፣ አር1ቢ በአየርላንድና በስፔን ገኗል። የሚገርመው፣ ቀድሞ ብዙ ተመራማሪዎች አር1ቢን የጥንቶቹ አዳኞች ውርስ ነው ይሉ ነበር። የግምታቸው መነሻ በሕይወት ያሉ ሰዎች ደም ነበር። በ2015 ከጥንት አጥንት የተወሰደ ዲኤንኤ በብዛት ሲነበብ ግምቱ ፉርሽ ሆነ። ከሬሳው መጠየቅ ይሻል ነበር!

እንደ ስፔንና ፖርቱጋል ግን የሚያስገርም የለም። በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2000 ዓመት ገደማ የአገሬው የወንድ ሐረግ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ከዚያው ሜዳ በመጣው አዲስ ሐረግ ተተክቷል። ከጠቅላላው የዘር ውርስ ግን የተተካው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሴቶቹ ቀርተዋል፤ ወልደዋልም። ይህን አይቶ «ወንዶቹ ተጨፈጨፉ» ማለት ይቀናል። ነገሩ ግን ብዙ መቶ ዓመት ፈጅቷል። ጥቂት ኃይለኛ ቤተሰቦች ሚስትም መሬትም ሲሰበስቡ፣ የሌላው ሐረግ ቀስ በቀስ ሊጠፋ ይችላል። ዋይ ክሮሞዞም ማን እንደበዛ ይናገራል እንጂ እንዴት እንደበዛ አይናገርም።

ደግሞም አንድ መስመር ብቻ ነው። አሥር ትውልድ ወደ ኋላ ብትቆጥሩ 1,024 የአያት ቦታ አለ። ዋይ የሚያውቀው አንዱን ነው። የእናት መስመር በሌላ መንገድ፣ ከእናት ብቻ በሚወረሰው በማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ይታያል።

ለእኛ ደግሞ ኢ1ቢ1ቢ አለ። በኢትዮጵያ ወንዶች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፤ አንድ ቅርንጫፉ በኮሶቮ አልባኒያውያን ዘንድ በብዛት ይገኛል። ሥሩ ወደ ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ያመራል። የጋራው አባት የኖረው ግን ከ10,000 ዓመት እጅግ ቀደም ብሎ ስለሆነ ለሠርግ ጥሪ የሚያበቃ ዝምድና አይደለም።