ቦርሳው የት ተሰፋ? ስለ ብራንድ የቆዳ ቦርሳዎች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ለበዓል ከዋሽንግተን የመጣች የአክስቴ ልጅ ለእናቷ ያመጣችው የኮች ቦርሳ ቤቱን ሁሉ አነጋግሮ ነበር። ቦርሳው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ አክስቴ ዘንድ ሲመለስ፣ መነጽሯን አድርጋ ገበሩን ገልበጥ አደረገችና ከውስጠኛው ኪስ ሥር የተሰፋችውን የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጨርቅ አነበበች። ጨርቋ ላይ ያለው «ካምቦዲያ» የሚል ቃል ነበር። «በይ እንግዲህ፣ ልጄን ሸውደዋታል» አለች አጠገቧ ለተቀመጡት ጎረቤት። ልጅቱ ከኩባንያው ከራሱ ሱቅ መግዛቷን የሚያሳየውን ደረሰኝ ብታወጣም የሚያምናት አላገኘችም። የዚያን ቀን የተነሱት ሐሳቦች ገዢዎች በየቦታው የሚያነሷቸው በመሆናቸው አንድ በአንድ ማየቱ ተገቢ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ካምቦዲያ ወይም ቬትናም የሚል ቦርሳ ፎርጅድ ነው»

ኮች በ1941 ማንሃተን ውስጥ በአንዲት አነስተኛ ወርክሾፕ የተጀመረ የአሜሪካ ብራንድ ቢሆንም፣ ዛሬ ቦርሳዎቹ በአብዛኛው የሚሰፉት ቬትናም፣ ካምቦዲያና ፊሊፒንስ ውስጥ ባሉ፣ ለእሱ በትዕዛዝ በሚሠሩ ፋብሪካዎች ነው። የቦርሳ ስፌት ብዙ የሰው እጅ የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ፣ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡ ብራንዶች የሠራተኛ ክፍያ ዝቅተኛ ወደሆነባቸው አገሮች ማምራታቸው የተለመደ ነው። ይህን ሊደብቁ ቢፈልጉ እንኳ የአሜሪካ ሕግ አይፈቅድላቸውም፤ የ1930ው የታሪፍ ሕግ ከውጭ የገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲይዝ ያስገድዳል። ስለዚህ አክስቴን ያስደነገጠችው ጨርቅ ሕጉ የጠየቀውን የምትፈጽም ናት። ገዢን ለማማለል የተነሳ አስመሳይማ «ካምቦዲያ» ብሎ ከመጻፍ «ጣሊያን» ብሎ መጻፍ ይቀናዋል።

የዚህ ግልባጭ የሆነ ስህተትም አለ። ሉዊ ቪቶን የፈረንሳይ ብራንድ ስለሆነ «አሜሪካ የተሠራ» የሚል ቦርሳ ያገኘ ሰው ተጭበረበርኩ ብሎ ያስባል። ኩባንያው ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ሲያሰፋ ቆይቷል፤ በ2019 ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ሌላ ወርክሾፕ ከፍቷል። ስፔንና ጣሊያን ውስጥም ያሰፋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በአንጻሩ ቦርሳ ላይ የአገር ስም መጻፍ ግዴታ ስላልሆነ፣ ሮም ወይም ሚላኖ ያሉ ወገኖቻችን የአገር ስም የሌለው ቦርሳ ቢገጥማቸው በዚህ ብቻ ሊጠራጠሩት አይገባም።

«ጣሊያን ተሠራ ከተባለ ሁሉም ነገሩ የጣሊያን ነው»

አንድ ዕቃ በብዙ አገር ካለፈ የማን ምርት ይባላል? የአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ሕግ መልሱን በአንቀጽ 60 ይሰጣል፦ የመጨረሻው መሠረታዊና ኢኮኖሚያዊ ምክንያት ያለው ሥራ የተከናወነበት አገር ምርት ነው። በቦርሳ ረገድ ይህ ማለት ቆዳው ከብራዚል፣ ዚፑ ከጃፓን፣ ዘለበቱ ከቻይና ቢመጣም፣ ተቆርጦና ተሰፍቶ ቦርሳ የሆነው ጣሊያን ውስጥ ከሆነ «ጣሊያን የተሠራ» መባሉ ሕጋዊ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ሌላ አገር ያሰፉና ጣሊያን ውስጥ ማንጠልጠያውን ብቻ ይገጥሙበታል» የሚለው ወሬ ግን ከሕጉ ጋር አይገጥምም። ማሸግ፣ መለያ መለጠፍና የመሳሰለው ቀላል ሥራ የዕቃን አገር አይለውጥም፤ ሐሰተኛ የአገር ስም መጻፍም በጣሊያን በወንጀል ያስቀጣል። የሚያደርግ የለም ማለቴ አይደለም፤ የሚያደርግ ቢኖር ሕግ ጥሶ ነው ማለቴ ነው።

ጣሊያን በ2009 ባወጣችው ሕግ «መቶ በመቶ ጣሊያን የተሠራ» ለሚለው አባባል ጠበቅ ያለ መስፈርት አስቀምጣለች፤ ንድፉ፣ ዕቅዱ፣ ሥራውና ማሸጉ በሙሉ በአገሪቱ ውስጥ መከናወን አለበት። ልብ ያለው አንባቢ ዝርዝሩ ውስጥ ጥሬ ዕቃው አለመጠቀሱን ያስተውላል።

«ጣሊያን ከተሰፋ በጥንታዊ ባለሙያ እጅ፣ በተገቢ ክፍያ የተሰፋ ነው»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህ ነው፤ ብራንዶቹም በማስታወቂያቸው ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የሚሰፉ አዛውንት እያሳዩ አጠናክረውታል። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች በእርግጥ አሉ፤ ፍሎረንስ አጠገብ ያለችው ስካንዲቺ በእነሱ የታወቀች ናት። ይሁንና ከእነሱ ጎን ሌላ ጣሊያን አለ።

በሰኔ 2024 የሚላኖ ፍርድ ቤት የዲዮር ቦርሳዎችን የሚያመርተውን የጣሊያን ቅርንጫፍ ኩባንያ በፍርድ ቤት አስተዳደር ሥር (ፍርድ ቤቱ በሾመው ሰው ክትትል ሥር) እንዲውል አዘዘ። ቀደም ብሎ በሚያዝያ ወር በአርማኒ ቅርንጫፍ ላይ ተመሳሳይ ትዕዛዝ ተሰጥቶ ነበር። የምርመራው ዝርዝር የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። ሥራውን ከብራንዱ የተቀበለው አቅራቢ ለሌላ አነስተኛ ወርክሾፕ ያስተላልፈዋል፤ ሚላኖ ዙሪያ ባሉት በእነዚህ ቻይናውያን ባለቤት በሆኑባቸው ወርክሾፖች ውስጥ ሠራተኞች እዚያው ይተኙ ነበር፤ ሥራው እንዲፈጥን ከማጣበቂያ ማሽኖች ላይ የደኅንነት መከላከያዎች ተነቅለው ነበር። መርማሪዎቹ ሥራው ሌሊትም በበዓልም እንደማይቋረጥ ያረጋገጡት ደግሞ የመብራት ፍጆታውን በማየት ነው። ክፍያን በተመለከተ፣ ሱቅ ውስጥ 2,600 ዩሮ ለሚሸጥ የዲዮር ቦርሳ አቅራቢው ለስፌቱ 53 ዩሮ እንደተከፈለው በፍርድ ቤቱ ሰነድ ተጠቅሷል። ይህ ቁጥር በየቦታው ሲጠቀስ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ የቆዳውንና የሌላውን ጥሬ ዕቃ ዋጋ አይጨምርም፤ የንድፍ፣ የሱቅ ኪራይና የማስታወቂያ ወጪም አለ። «53 ዩሮ የሚያወጣ ቦርሳ» ማለት ስለዚህ ትክክል አይደለም። ልዩነቱ ያሳፍራል ወይ ለሚለው ግን የእኔ መልስ አዎ ነው።

ብራንዶቹ ራሳቸው በወንጀል አልተከሰሱም፤ የተወቀሱት አቅራቢዎቻቸውን ባለመቆጣጠራቸው ነበር። ማሻሻያ ማድረጋቸው ታይቶም አስተዳደሩ በ2025 መጀመሪያ ላይ ከጊዜው በፊት ተነሳላቸው። በዚያው ዓመት የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን ስለ ሠራተኞች አያያዝ የሚያሳስት መልእክት አስተላልፏል በሚል አርማኒን 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። የአገር ስም ግን በጉዳዩ ውስጥ አከራካሪ አልነበረም። ቦርሳዎቹ የተሰፉት በእርግጥ ጣሊያን ውስጥ ነው፤ መለያው ያለው ሁሉ እውነት ነበር።

«ሁሉም ቻይና ተሠርቶ መለያው ብቻ ይቀየራል»

በሚያዝያ 2025 አሜሪካ በቻይና ዕቃዎች ላይ የጣለችው ቀረጥ 145 በመቶ ሲደርስ፣ ቲክቶክ ላይ «የኤርሜስን ቦርሳ የምንሠራው እኛ ነን፤ በቀጥታ ከእኛ ግዙ» የሚሉ የቻይና ነጋዴዎች ቪዲዮዎች ጎረፉ። የፈረንሳዩ ብራንድ ኤርሜስ ግን የቆዳ ቦርሳዎቹን የሚያሠራው እዚያው ፈረንሳይ ውስጥ በራሱ ወርክሾፖች ነው። እዚያ አንድ ሠራተኛ አንዱን ቦርሳ ከሞላ ጎደል ብቻውን ጀምሮ ይጨርሳል። የሚሰፋበት መንገድ ከፈረስ ኮርቻ ሥራ የተወረሰ ሲሆን፣ በሰም የተሸ አንድ የተልባ እግር ክር በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌ ይዞ በአንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይተላለፋል፤ አንዱ ስፌት ቢበጠስ ቀሪው ይይዛል። የስፌት ማሽን ግን የላይና የታች ሁለት ክሮችን ስለሚያቆላልፍ አንዱ ሲበጠስ መተርተር ይጀምራል። ቪዲዮዎቹ ላይ ያሉት ቦርሳዎች ጥሩ ቅጂ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቅጂ መሆናቸው ግን አይለወጥም። ቻይና ውስጥ ሕጋዊ ትዕዛዝ የሚያሰፉ ብራንዶች መኖራቸው ለዚህ ወሬ አሳማኝነት ሰጥቶታል፤ እነዚያ ግን «ቻይና የተሠራ» ብለው ይጽፋሉ።

«የውስጡን ቁጥር ካየሁ ይበቃኛል»

አይበቃም። ሉዊ ቪቶን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ወርክሾፑንና ጊዜውን የሚያመለክት ኮድ ቆዳው ላይ ያትም ነበር፤ ከ2021 ወዲህ በማይክሮቺፕ ተክቶታል። ኮድን መቅዳት ቆዳን ከመቅዳት ይቀላል፤ አስመሳዮችም ይህን ያውቃሉ።

«ቆዳው የመጣው ቦርሳው ከተሰፋበት አገር ነው»

ይህ እኛን በቀጥታ ይነካል። የጣሊያን ቆዳ ፋብሪካዎች የሚያለፉትን ጥሬ ቆዳ በብዛት የሚያስገቡት ከውጭ ነው፤ የኢትዮጵያን ቆዳና ሌጦ ከሚገዙት አገሮች አንዷም ጣሊያን ናት። የባቲ ፍየል ሌጦ በዓለም ገበያ ከትውልድ ቦታው ስም ጋር ይታወቃል፤ የደጋ በጎቻችን ሌጦም ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት ይፈለጋል። የእንግሊዙ የቆዳ ኩባንያ ፒታርድስ ለጎልፍ ጓንት የሚሆነውን ሌጦ ከዚህ ሲወስድ የኖረው በዚህ ምክንያት ነበር። የመጨረሻው መሠረታዊ ሥራ ብቻ በሚቆጠርበት ሕግ ግን፣ እዚህ የታረደው፣ የለፋውና የተቀባው ሌጦ ሌላ አገር ሲሰፋ ስሙን ያጣል።

ይህን ለአክስቴ ያስረዳኋት የበዓሉ በግ ተገፎ፣ ሌጦው በር ላይ ተጠቅልሎ ሰብሳቢ በሚጠብቅበት ሰዓት ነበር። «ቆዳ ያለው!» የሚለው ድምፅ ከመንገዱ ተሰማ። ሰብሳቢው ልጅ ሌጦውን ዘርግቶ ቢላ የነካካበትን በጣቱ እየዳበሰ ዋጋውን ዝቅ ሲያደርግባት፣ አክስቴ ቦርሳዋን በብብቷ እንደያዘች ተከራከረችው፤ በመጨረሻም በነገረችው ሳይሆን እሱ ባላት ዋጋ ሰጠችው።