ዱባይ ላይ ገና ያላለቀ ቤት ስትገዙ፦ የደላላ ቪዲዮ ክትትል አይደለም

«ደላላው በየሳምንቱ ቪዲዮ ይልክልኛል፤ ሕንፃው እየወጣ ነው።» ዱባይ ላይ ኦፍ ፕላን፣ ማለትም ገና በግንባታ ላይ ያለ ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው «ፕሮጀክቱን አጣርተሃል?» ሲባል መልሱ ይኸው ነው። ቪዲዮውን የሚልከው ቤቱ ሲሸጥ ኮሚሽን የሚቆረጥለት ሰው ነው። ክሬን ሲዞር ይቀርጻል፤ ሥራ የቆመበትን ሳይት ግን ቀርጾ የሚልክ ደላላ የለም። በዚህ ላይ ብዙ የምንለው አለ፤ መጀመሪያ አጫጭሮቹን እናንሳ።

«ቡኪንግ ከፍያለሁ፣ ቤቱ የኔ ነው።» አይደለም። በ2008 (እንደ አውሮፓውያን) በወጣው የዱባይ ሕግ ቁጥር 13 መሠረት በዱባይ የመሬት መምሪያ ጊዜያዊ መዝገብ ያልሰፈረ የኦፍ ፕላን ሽያጭ ዋጋ የለውም። ምዝገባው «ኡቁድ» ይባላል፤ ክፍያው ከቤቱ ዋጋ 4 በመቶ ነው። ያ ወረቀት እስኪወጣ በእጃችሁ ያለው ደረሰኝ ብቻ ነው።

«የማስረከቢያው ቀን ውሉ ላይ ተጽፏል።» ትንሽ ዝቅ ብላችሁ አንብቡ። አልሚው፣ ማለትም ሕንፃውን የሚያሠራው ኩባንያ፣ ቀኑን በ6 ወይም በ12 ወር እንዲገፋ የሚፈቅድ አንቀጽ ብዙ ጊዜ አለ። ከቤቱ የምታገኙትን ኪራይ ስታሰሉ ከኋለኛው ቀን ጀምሩ።

«ካልተመቸኝ ክፍያ አቆማለሁ።» ይህ ውድ ስህተት ነው። በ2020 በተሻሻለው ሕግ አልሚው በመሬት መምሪያው በኩል የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ካሰጠ በኋላ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ግንባታው ከ60 በመቶ ካለፈ ከቤቱ ዋጋ እስከ 40 በመቶ፣ ሥራው ተጀምሮ ከዚያ በታች ከሆነ እስከ 25 በመቶ ያስቀራል። ስሌቱ ከከፈላችሁት ላይ ሳይሆን ከጠቅላላው ዋጋ ላይ ነው፦ የ1 ሚሊዮን ድርሃም ቤት ገዝቶ 300,000 የከፈለ ሰው፣ ሕንፃው 70 በመቶ ደርሶ ከሆነ፣ የከፈለውን በሙሉ ሊያጣ ይችላል።

«ገንዘቡ ዝግ ሂሳብ ውስጥ ስለሚገባ ስጋት የለም።» ግማሽ እውነት ነው። በ2007ቱ ሕግ ቁጥር 8 እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱ ዝግ ሂሳብ ይኖረዋል፤ ገንዘቡም የሚለቀቀው ሥራው በሄደ መጠን ነው። ያ ገንዘቡ ሌላ ፕሮጀክት ላይ እንዳይውል ይጠብቃል እንጂ ሕንፃው በጊዜው እንዲያልቅ አያደርግም። ደግሞ ጥበቃው የሚሠራው ገንዘቡ እዚያ ሂሳብ ውስጥ ከገባ ነው። በኤጀንት ወይም በግለሰብ ስም የተላከላችሁን የሂሳብ ቁጥር አትንኩት።

አሁን ወደ ቪዲዮው። የዱባይ የመሬት መምሪያ «ዱባይ ሬስት» የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለው። የፕሮጀክቱን ስም አስገብታችሁ ምዝገባውን፣ ዝግ ሂሳቡን፣ የማጠናቀቂያ ቀኑንና ግንባታው የደረሰበትን መቶኛ እዩ። የአንድ ቀን ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ የሚነግራችሁ በቁጥሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በየወሩ በአንድ ቀን ቀንና መቶኛ መዝግቡ። ዛሬ 12 በመቶ ላይ ሆኖ 18 ወር የቀረው ፕሮጀክት በወር በአማካይ 5 በመቶ ገደማ መሄድ አለበት። መጀመሪያ ላይ ቀስ ማለቱ ያለ ነው፤ መሬት ውስጥ ያለው ሥራ ወራት ይፈጃል፣ ከመንገድም አይታይም። መሠረቱ ወጥቶ ወለል መሞላት ከጀመረ በኋላ ግን ለሦስት ወር በወር 1 በመቶ ብቻ ከተንፏቀቀ ቀኑን እርሱት።

ሰው የሚሸወደው በስትራክቸሩ፣ ማለትም በኮንክሪት አጽሙ ነው። በደንብ የሚሠራ ሳይት አንድ ወለል በሳምንት፣ በአሥር ቀን ይሞላል፤ ስለዚህ ግንቡ ዓይናችሁ እያየ ያድጋል። ኮንክሪቱ ጣሪያ ሲደርስ «አለቀ» ይባላል። ኤሌክትሪኩ፣ ቧንቧው፣ አየር ማቀዝቀዣው፣ መስታወቱ፣ ሊፍቱ፣ ፊኒሺንጉ፣ የእሳት አደጋ ፍተሻውና የመብራትና ውኃ ማገናኛው ገና ናቸው። ፕሮጀክቶች በብዛት የሚንቀራፈፉት እዚህ ላይ ነው፤ ከውጭ የተቀረጸ ቪዲዮ ደግሞ ከዚህ አንዱንም አያሳይም።

ለተጨማሪ ማረጋገጫ የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል በነፃ ይገኛል፤ በየ5 ቀኑ ይታደሳል። የምስሉ አንድ ነጥብ (ፒክስል) መሬት ላይ 10 ሜትር ስለሆነ ወለል አትቆጥሩበትም፤ ጥላ ግን ትለኩበታላችሁ። የኖቬምበር መጨረሻን ምስል ከጃንዋሪ አጋማሹ ጋር አስተያዩ፦ ፀሐይ ዝቅ ስለምትል የረጅም ሕንፃ ጥላ ብዙ ነጥቦች ይሸፍናል፤ ሕንፃው ካደገ ጥላውም ያድጋል። በጁን ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች አትሞክሩት።

ዱባይ የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ዓርብና እሑድ አትላኩት። በሥራ ቀን ማለዳ ይሂድ፤ በሞቃቶቹ ወራት (ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ) እኩለ ቀን ላይ የውጭ ሥራ በሕግ ስለሚቆም በዚያ ሰዓት የሚያየው ባዶ ሳይት ምንም አይነግረውም። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ላይ ፎቶ ያንሣ፤ ከወለሉ ብዛት ይልቅ መስታወት የገባላቸውን ወለሎች ይቁጠር።