«መንግሥት የሠራውን መንግሥት ያድሰው»፣ ሌሎችም የኮንዶሚኒየም ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ክረምት ሲገባ ስልኬ አያርፍም። ጣሪያ አፈሰሰ፣ ልስን አበጠ፣ ሴፕቲክ ታንክ ሞላ። ሄጄ አይቼ ምን እንደሚያስፈልግ ስናገር የምሰማው መልስ ያው ነው፦ «መንግሥት የሠራው ቤት ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ያድሰው።» ሰልችቶኛል። ሰዉ ማዘጋጃ ቤቱን ሲጠብቅ ሕንፃው እያለቀ ነው።

መንግሥት የደገፋችሁ ቤቱ ሲሠራ ነው። ግንባታው የተሸፈነው ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተገኘ ብድር ነበር። ቁልፍ ስትረከቡ ቤቱም ዕዳውም የእናንተ ሆነ። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ጣሪያው፣ ደረጃውና መሠረቱ የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ንብረት ነው። እሱን የማስተዳደርና የመጠገን ሥራ ደግሞ የባለቤቶቹ ማኅበር ነው።

ምድር ቤት ሱቅ ያለው ሰው «ጣሪያ እኔን አይመለከተኝም» ይላል። አንድ ብሎክ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አሸንዳው በቅጠልና በአፈር ተደፍኖ ነበር። ጠርጎ ሁለት ሜትር ያህሉን መቀየር ይበቃው ነበር። መዋጮ ሲጠየቅ የታችኞቹ እምቢ አሉ። ውኃው ከላይኛው ፎቅ በቧንቧው መተላለፊያ ወርዶ ሱቁ ውስጥ ቆጣሪው ጋ ደረሰ። የደረጃውን ማረፊያ ከሥር ስነካው ልስኑ በእጄ ላይ ረገፈ፤ ፌሮው ዝጎ ቅርፊት ሠርቷል። ያኔ ከአሸንዳው ብዙ እጥፍ ወጣ፤ የታችኞቹም ከፈሉ።

ድጋፍ መጠየቅ ክፉ አይደለም፤ እኔም ከተማ አስተዳደሩ ቢያግዝ ደስ ይለኛል። ግን ለማን ይስጥ? ኢስቶኒያ የሶቪየት ዘመን አፓርታማዎችን ለማደስ መንግሥት ድጎማ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን ለነዋሪዎቹ ማኅበር ነው። ማኅበሩም የቀረውን ከባንክ ተበድሮ ይሸፍናል። የእኛ ስንቱ ብሎክ ነው ማኅተም፣ የባንክ ሒሳብና ቃለ ጉባኤ ያለው? ዕድሩ እንዴት ጠንካራ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ሲሞት ድንኳን በአንድ ሰዓት ይተከላል። ያው ሰው ለጣሪያ መሰብሰብ ያቅተዋል። እባካችሁ ሚያዝያ ላይ ተሰብሰቡ፤ ከሁለት ሦስት ባለሙያ ፕሮፎርማ አሰባስቡ፤ ግንቦት ሳያልቅ አሸንዳውን አስጠርጉ። በሐምሌ ዝናብ ጣሪያ ላይ ሰው አታውጡ።

«ተከራይ ነኝ፣ አያገባኝም።» ያገባዎታል፤ የሚያፈሰው እርስዎ ላይ ነው። ለአከራይዎ በጽሑፍ ያሳውቁ።

«የራሴ ቤት ነው፣ ግድግዳውን ባፈርስ ማን ይጠይቀኛል?» የሕንፃ አዋጁ ይጠይቃችኋል፤ ሕንፃ ለመለወጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። የብሎኬት ክፍፍል ሌላ ነው፣ ሕንፃውን የተሸከመው ምሰሶ፣ ኮለኑ፣ ሌላ ነው። ለመብራት መስመር ብሎ ኮለን የቦረቦረ ሰው አይቻለሁ። የእሱ ብቻ ሳይሆን ከላዩ ያሉ ቤቶች ሁሉ የሚያርፉት እዚያ ላይ ነው።

«ብድሩ ሲከብድ ዝም ማለት ነው፤ አንድ ቀን ይሰረዛል።» ይህ ቤት ያሳጣል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ለብድሩ በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ደብዳቤ ፈርቶ ፖስታ ሳይከፍት የሚያስቀምጥ ሰው አለ፤ ቀኑ ግን ይቆጠራል። ክፍያ ከማቋረጣችሁ በፊት ቅርንጫፉ ሄዳችሁ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም ጠይቁ። ባንኩ ሊከለክል ይችላል፤ ቢፈቅድም ምሕረት አይደለም። ወርኃዊው ይቀንሳል፣ አጠቃላይ ወለዱ ግን ይጨምራል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ስንት እንደምትከፍሉ በወረቀት አስሰሉ። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ፤ አንዱን ቀኑን አስጽፋችሁ፣ ማኅተም አስመትታችሁ እናንተ ጋ አስቀሩ።