«የማጠናቀቅ ምጣኔ» ምንድን ነው? 95 በመቶው አቋረጠ ለምትሉ

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ ነፃ የኦንላይን ኮርሶች ሲጽፉ «ከተመዘገበው 95 በመቶው አቋርጧል፤ ሰው ፊት ለፊቱ አስተማሪ ከሌለ አይማርም» አሉ። ይህን ክርክር ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሥራዬ የትምህርት ምዘና ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቁጥሩ ከሞላ ጎደል ልክ ነው። ከቁጥሩ የተወሰደው ድምዳሜ ግን ልክ አይደለም።

ቁጥሩ የሚመጣው «የማጠናቀቅ ምጣኔ» ከሚባለው ነው፤ እሱም ተራ ክፍልፋይ ነው። ላዕሉ ሰርተፊኬት ያገኙ ሰዎች፣ ታህቱ የተመዘገቡ ሰዎች። ጣጣው ያለው ታህቱ ላይ ነው።

መርካቶ ያለ አንድ የጨርቅ ሱቅ አስቡ። በቀን ስንቱ ነው «ስንት ነው?» ብሎ የሚያልፈው? አንዱ ዋጋ ማወቅ ብቻ ነው የፈለገው። አንዷ ጨርቁን ዳስሳ ለሚቀጥለው ወር ሰርግ ታስብበታለች። ሌላው ሁለት ሜትር አስቆርጦ ይሄዳል፤ የመጣው ለዚያው ነበር። ባለሱቁ ማታ ቁጭ ብሎ ሙሉ ጣቃ ያልገዛውን ሁሉ «ጥሎኝ የሄደ ደንበኛ» ብሎ ቢመዘግብ ሂሳቡን ማን ያምነዋል? ነፃ ኮርስ ላይ መመዝገብም «ስንት ነው?» እንደማለት ነው። ኢሜይል ማስገባትና አንድ ቁልፍ መጫን ነው፣ በቃ። ከፍሎ፣ ቤት ተከራይቶ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ተማሪ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

አንድ እውነተኛ ኮርስ ላሳያችሁ። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ኤሌክትሪክ ሰርኪዩትና ኤሌክትሮኒክስ በነፃ ያስተማረው ነው። 154,763 ሰው ተመዘገበ። ሰርተፊኬት ያገኙት 7,157 ናቸው። ይህ 5 በመቶ እንኳን አይሞላም። አስተያየት ሰጪው እዚህ ላይ ያቆማሉ። የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ከፍተው ያዩት ግን 69,221 ብቻ ነበሩ። ታህቱን እነሱን ካደረግን ምጣኔው ወደ 10 በመቶ ይወጣል። በዚያ የቤት ሥራ ቢያንስ አንድ ነጥብ ያገኙትን 26,349 ሰዎች ከወሰድን ደግሞ 27 በመቶ ይሆናል። ኮርሱ ያው ነው፣ አስተማሪውም ያው ነው፣ ሰርተፊኬት ያገኙትም እነዚያው ናቸው። የተለወጠው «ተማሪ» ብለን የቆጠርነው ሰው ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው ተመዝጋቢ የቤት ሥራውን እንኳን አላየም። ያልጀመረ ሰው ምኑን ያቋርጣል?

ሌላው የሚረሳው የሰውየው ዓላማ ነው። የስታቲስቲክስ ኮርስ የጀመረች አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ የምትፈልገው ስለ ናሙና አወሳሰድ የሚያስረዳውን ክፍል ብቻ ሊሆን ይችላል። ማታ ዳታ ሲረክስ ቪዲዮዎቹን አውርዳ ተማረች፣ መሥሪያ ቤቷ ተጠቀመችበት፣ ተመልሳ አልመጣችም። መዝገቡ ላይ እሷም እንዳቋረጠች ትቆጠራለች። ሰርተፊኬቱ በዶላር ካርድ የሚከፈልበት ከሆነማ እስከ መጨረሻው ተምሮም ሳይወስደው የሚቀር አለ። ስለዚህ ላዕሉም ቢሆን የሚቆጥረው ወረቀት እንጂ ዕውቀት አይደለም።

እዚህ ላይ ለወገኖቼም አንድ ነገር ልበል። የኦንላይን ትምህርት ደጋፊዎች ከላይ ያለውን ይዘው «እንግዲያው ችግር የለም» ይላሉ። አለ እንጂ! ጀስቲን ራይክ የተባለ ተመራማሪ የሃርቫርድን 9 ኮርሶች ይዞ ተመዝጋቢዎችን ከመጀመሪያው ዓላማቸውን ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱን አወጣ። «እጨርሳለሁ» ካሉት የጨረሱት 22 በመቶ ናቸው። «ለማየት ነው የመጣሁት» ካሉት 6 በመቶ። መጠይቁን የሞሉት ደግሞ ከሌላው ተመዝጋቢ ይልቅ ትጉ የሆኑት ሊሆኑ ይችላሉ። ዓላማም ይለወጣል፤ ሰኞ እጨርሳለሁ ያለ ሰው ሐሙስ ላይ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። ይህን ሁሉ ግምት ውስጥ አስገብተንም ቢሆን፣ ቆርጦ ከተነሳው ሰው አብዛኛው መንገድ ላይ መቅረቱ ሊያሳስበን ይገባል።

ለእነዚህ ሰዎች ነው ልንከራከር የሚገባን። ምን ያዛቸው? ሥራ ነው? መብራት ነው? እንግሊዝኛው ነው? የሚጠይቁት ሰው ማጣት ነው? መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ መፍትሔውም እንደዚያው። የ95 በመቶው ቁጥር ግን የሂሳብ ሠራተኛዋን፣ ኮርሱን ከፍቶ የማያውቀውንና ሦስተኛው ሳምንት ላይ መብራት ጠፍቶበት ፈተና ያመለጠውን ልጅ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። እኛም አገር የኦንላይን ሥልጠና እየበዛ ነው። ሪፖርት የምታወጡ ሰዎች ቢያንስ ሦስት ቁጥር ስጡን፤ ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ የመጀመሪያውን ሥራ ሠርቶ አስገባ፣ እጨርሳለሁ ብሎ ከጀመረው ስንቱ ጨረሰ።