ድምፅ ጠፋ ተብሎ ፎርማት አይደረግም

ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት አለፉ። ሰው ገና በሩን አልፎ ሳይቀመጥ የሚላት ነገር አንድ ናት፤ «ወንድሜ፣ ድምፅ እምቢ ብሎኛል፣ ፎርማት አድርግልኝ።» ያለውን ሁሉ አጥፍተህ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫንልኝ ማለቱ ነው። ምርመራውንም መድኃኒቱንም ጨርሶ ይመጣል። ለእኔ የሚቀረኝ ፍላሽ መሰካት ነው።

የፎርማቷ ነገር ትቆየን። መጀመሪያ ድምፅ ሲጠፋ ሰው የሚደረድራቸውን ትንንሾቹን ምክንያቶች ልጨርስ።

«የጣና እርጥበት ነው ያበላሸው።» ክረምት ላይ የዛገ የኤርፎን መሰኪያ አይቻለሁ፣ አልዋሽም። ዝገት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። ማታ ሲዘፍን አምሽቶ ጠዋት ዝም ላለ ላፕቶፕ ሐይቁን አትክሰሱ።

«አፕዴት ነው የወሰደው።» ይቺ አንዳንዴ እውነት ናት። ዲቫይስ ማናጀር (ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝርበት ቦታ) ግቡና የድምፅ ካርዱን ፕሮፐርቲስ ክፈቱ። ድራይቨር (ዊንዶውስ ዕቃውን የሚያዝበት ፕሮግራም) የሚለው ውስጥ «ሮል ባክ ድራይቨር»፣ ማለትም ወደ ቀድሞው መልሰው የሚል አለ፤ እሱን መንካት ነው። ድራይቨር አዘምናለሁ የሚሉ ፕሮግራሞችን ግን እባካችሁ አትጫኑ። የላፕቶፑን ሞዴል ከጀርባው አንብባችሁ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ።

«ስፒከሩ ተቃጥሎ ነው የሚንቋቋው።» ጨርሶ የተቃጠለ ስፒከር አይንቋቋም፣ ዝም ነው የሚለው። ኤርፎን ሰኩ። ኤርፎኑም ላይ ከተንቋቋ ስፒከሩ ንጹሕ ነው፣ ድራይቨሩን ጠርጥሩ። ኤርፎኑ ላይ ጥርት ካለ ደግሞ ስፒከሩ ተቀዷል ወይም ቆሻሻ ገብቶበታል። የቪኤልሲ ማጫወቻን ድምፅ ከመቶ በላይ ገፍታችሁ ፊልም የምታዩ፣ ለእናንተ ነው የምናገረው።

ሐይቁ ዳር ላውንጅ ያለው አንድ ደንበኛዬ ኳስ በፕሮጀክተር ያሳያል። «ስፒከሬ ሞተ» ብሎ አዲስ ስፒከር ገዛ። እሱም ዝም ሲለው ጠራኝ። ኮምፒውተሩን ከፕሮጀክተሩ የሚያገናኘው የኤችዲኤምአይ ገመድ ሲሰካ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ድምፁንም ወደዚያው ያዞረዋል፤ የሱ ፕሮጀክተር ደግሞ ስፒከር የለውም። ከታች በቀኝ በኩል ያለችውን የድምፅ ምልክት ነክቼ መውጫውን መለስኩለት። ሁለት ክሊክ። ብር መቀበል አፈርኩና ዓሣ ጉላሽ በልቼ ተመለስኩ።

አሁን ወደ ፎርማቱ።

አምና አንድ የፖሊ (የፖሊ ቴክኒክ ግቢ) ተማሪ መጣ። ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጎለታል፤ ሁለት ጊዜም ከፍሏል። በመጀመሪያው ዙር የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ግማሽ አብሮ ጠፋ። ድምፁ ግን አልተመለሰም። ለሦስተኛ ጊዜ እንድደግምለት ነው የመጣው! ልጁን አልተቆጣሁም፤ የተናደድኩት ሁለተኛውን ፎርማት በሠራው ባለሙያ ነው። አንድ ጊዜ ያልሠራ መድኃኒት ሲደገም ምን ሊያመጣ ነው?

ዘፈን ከፈትኩ። ድምፅ የለም። የሳውንድ ሴቲንግ ውስጥ ያለችው መስመር ግን ከዘፈኑ ጋር ከፍ ዝቅ ትላለች። ይቺን መስመር ልመዱ። እሷ ከተንቀሳቀሰች ዊንዶውስ ድምፁን እየላከ ነው፤ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥም የድምፅ ካርዱ፣ ሪልቴክ፣ በስሙ ተቀምጧል፤ ችግር ሲኖር የሚወጣው ቢጫ ምልክት የለበትም። ከዚያ ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ሌላ ሲስተም) ያለበትን ፍላሽ ሰክቼ፣ ምንም ሳልጭን፣ በቀጥታ ከፍላሹ አስነሳሁት። እዚያም ዝም። ዊንዶውስም ድራይቨሩም በሌሉበት ዝም ካለ ድራይቨሩ ምን አጠፋ? (በጣም አዲስ ላፕቶፕ ከሆነ ኡቡንቱ ካርዱን ላያውቀው ይችላል። የልጁ ግን አሮጌ ነው።) እዚያ ድምፅ ቢወጣ ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ ዕቃው ደኅና ነው፣ ችግሩ ዊንዶውስ ላይ ነው ማለት ነው።

ከፈትኩት። የስፒከሩን ሽቦ ነቅዬ በቴስተር ለካሁት፤ 4 ኦም። የላፕቶፕ ስፒከር ብዙ ጊዜ 4 ወይም 8 ነው የሚያሳየው፣ የተቃጠለ ቢሆን ጭራሽ አያነብም ነበር። ቴስተር የሌለው ሰው የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ለአፍታ ቢያስነካው «ጭክ» ይላል። ስፒከሩ ደኅና ነው። ቀጥዬ በኤርፎን መሰኪያው ቀዳዳ የእጅ ባትሪ አብርቼ አየሁ። ውስጡ ወርቃማ ነገር ብልጭ አለ። የኤርፎን ጫፍ፣ የጤፍ ፍሬ ሁለት ሦስት እጥፍ የምታክል፣ ተሰብራ ቀርታለች። መሰኪያው ውስጥ ኤርፎን ሲገባ የምትገፋ ቀጭን ብረት አለች። ጫፏ ያቺን ብረት ገፍታ ስለያዘቻት ኮምፒውተሩ ኤርፎን የተሰካ መስሎት ስፒከሩን ዘግቶታል። በመርፌ ከኋላ ገፋሁ፣ ወጣች። የስፒከሩን ሽቦ መልሼ ሰክቼ ዊንዶውስን አስነሳሁ። ዘፈኑ ከስክሪኑ በታች ፈነዳ።

ታዲያ ፎርማት አንዳንዴ ለምን ይሠራል? አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን የድምፅ መውጫው ምርጫም ድራይቨሩም እንደ አዲስ ስለሚስተካከል ነው። ያንን በአምስት ደቂቃ በእጅ መሥራት ይቻላል፣ ፎቶና ፕሮጀክት ሳይጠፋ። ያለ ኢንተርኔት ሲጫን ደግሞ ጭራሽ ድራይቨር አጥቶ የባሰ ዝም የሚልም አለ።

ያቺ ጫፍ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናት። «ፎርማት አድርግልኝ» ያለኝን ሁሉ አሳየዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት በጣቷ አገላብጣ አየቻት፣ ታሪኩንም እስከ መጨረሻው ሰማች። «ገባኝ» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ለማንኛውም ግን ፎርማት አድርግልኝ፣ ከብዶታል።»